ማዳበሪያውን ከአየር የሚቀዳው በቆሎ፦ የቶቶንቴፔክ ጉዳይ

ደቡብ ሜክሲኮ ውስጥ ዋሃካ የሚባል ግዛት አለ። በዚያ ግዛት ተራሮች ላይ ቶቶንቴፔክ የምትባል መንደር ተቀምጣለች። ነዋሪዎቿ ሚሄ የሚባሉ ነባር ሕዝቦች ናቸው። አካባቢው ዝናብና ጉም አያጣውም፤ አፈሩ ግን ደካማ ነው። እዚያ የሚበቅለውን በቆሎ መጀመሪያ ያየ ሰው ይደነግጣል። ቁመቱ 5 ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ለመድረስ 8 ወር ገደማ ይፈጅበታል። የሚያስገርመው ግን ቁመቱ አይደለም። አገዳው ላይ የተንጠለጠሉት ሥሮች ናቸው።

በቆሎ የዘራ ሰው ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ከታችኞቹ አንጓዎች ወጥቶ ወደ አፈር የሚወርደውን ሥር ያውቀዋል። አገዳው እንዳይጋደም ደግፎ የሚይዘው እሱ ነው። በተለመደው በቆሎ ላይ ይህ ሥር አንድ ወይም ሁለት አንጓ ላይ ብቅ ብሎ ያበቃል። በቶቶንቴፔኩ በቆሎ ላይ ግን 8፣ አንዳንዴም 10 አንጓ ድረስ ይወጣል። ብዙዎቹ ሥሮች አፈር አይነኩም። ቀላ ብለው፣ የጣት ውፍረት ይዘው አየር ላይ ተንጠልጥለው ይቀራሉ። ዝናብ ሲመታቸው ከጫፋቸው የሚያብረቀርቅ ዝልግልግ ፈሳሽ ይወጣል፤ ይንጠባጠባልም። ተልባ ውሃ ውስጥ ሲያድር የሚያወጣውን ያየ ሰው መልኩን አይስተውም።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ያ ዝልግልግ ነው። ውስጡ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። እነሱ ከአየር ናይትሮጅን ይይዛሉ፤ በቆሎው ደግሞ ያንን ይመገባል። በሌላ አነጋገር፣ በቆሎው ከሚያስፈልገው ማዳበሪያ ከፊሉን ደጁ ላይ ያስመርታል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ፣ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ማዲሰንና የሜክሲኮ ባልደረቦቻቸው ይህን በማስረጃ አስደግፈው ያሳተሙት በነሐሴ 2018 ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የወጣው ፕሎስ ባዮሎጂ በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ነው።

ነገሩ ለምን ይህን ያህል ትልቅ ሆነ? መልሱን ለማግኘት ወደ ዩሪያ ከረጢት መመለስ ያስፈልጋል።

ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ሰብል ያለ ናይትሮጅን አይሆንም፤ ቅጠሉ ይገረጣል፣ ፍሬው ይቀጭጫል። ችግሩ አየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ሁለት ሁለት ሆኖ እጅግ ተጣብቆ የሚኖር መሆኑ ነው። ተክል በራሱ አቅም ሊያላቅቀው አይችልም። ሰው ይህን ማጣበቂያ በፋብሪካ መፍታት የቻለው በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ነው። ፍሪትዝ ሃበር መንገዱን በቤተ ሙከራ አሳየ። ካርል ቦሽ ወደ ፋብሪካ አመጣው፤ በ1913 ጀርመን ውስጥ ማምረት ተጀመረ። ከ400 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሙቀትና ከተለመደው የአየር ግፊት ከመቶ እጥፍ በላይ የሆነ ግፊት ይጠይቃል። ነዳጁና ጥሬ ዕቃው በአብዛኛው የተፈጥሮ ጋዝ ነው። አንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለ፤ እሱን የምንገዛው በጋዝ ዋጋ ነው ማለት ነው።

ይህ ለኢትዮጵያ አንባቢ ሩቅ ወሬ አይደለም። አገራችን ማዳበሪያዋን ከውጭ ገዝታ፣ በጅቡቲ ወደብ አስገብታ፣ በመኪና እየጫነች ነው ለገበሬው የምታደርሰው። በ2021 እና በ2022 የዓለም ዋጋ ሲንር ገበሬው በአንድ ክረምት ውስጥ ነው የተሰማው። በነሐሴ 2025 የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና የናይጄሪያው ዳንጎቴ ግሩፕ ጎዴ ላይ የ2.5 ቢሊዮን ዶላር የዩሪያ ፋብሪካ ለመገንባት ተፈራርመዋል። እሱ እስኪቆም ግን መርከቡን መጠበቅ ነው።

ፋብሪካው በእሳትና በግፊት የሚሠራውን ሥራ አንዳንድ ባክቴሪያዎች በተራ የአፈር ሙቀት ይሠሩታል። መሣሪያቸው ናይትሮጅኔዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። ይህ ኢንዛይም ሁለት አመል አለው። አንደኛ፣ ብዙ ጉልበት ይበላል፤ ስለዚህ ባክቴሪያው ስኳር የሚያቀርብለት ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ ኦክስጅን ሲነካው ይበላሻል። ሁለተኛው ነው ራስ ምታቱ። ኦክስጅን የሌለበት ቦታ የት ይገኛል?

ጥራጥሬዎች መላ አላቸው። ደህና ያደገ የባቄላ ሥር ነቅላችሁ እዩ። ሥሩ ላይ ትናንሽ እብጠቶች ታገኛላችሁ። አንዷን በጥፍር ለሁለት ክፈሏት። ውስጧ ሮዝ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ ሥራ ላይ ናት። ቀለሙ የሚመጣው ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር ከሚዛመድ ፕሮቲን ነው፤ ኦክስጅኑን እየያዘ ኢንዛይሙ እንዳይነካ ይጠብቃል። ገበሬው ከስንዴ ወይም ከጤፍ በፊት ባቄላ ሲያፈራርቅ የሚያተርፈው ይህንን ነው። አሁን ለባቄላና ለሽምብራ የሚታደለው ሕያው ማዳበሪያም ሥራው ይኸው ነው፤ ትክክለኛውን ባክቴሪያ ከዘሩ ጋር አሽቶ መዝራት።

ስንዴ፣ በቆሎ፣ ጤፍ፣ ማሽላና ሩዝ ግን ይህ ዕድል የላቸውም። የዓለምን ሕዝብ የሚመግቡት ደግሞ እነሱ ናቸው። ስለዚህ ሳይንቲስቶች ከ50 ዓመት በላይ አንድ ሕልም ይዘው ቆይተዋል፦ የባቄላውን ጥበብ ለስንዴው ማስተማር። በ1972 እንግሊዝ ውስጥ ሬይ ዲክሰንና ጆን ፖስትጌት ናይትሮጅን የመያዝ ጂኖችን ከአንድ ባክቴሪያ ወደ ሌላ ባክቴሪያ አዛወሩ፤ የተቀበለው ባክቴሪያም ናይትሮጅን መያዝ ጀመረ። ያኔ ብዙዎች «በቃ፣ ስንዴውም ደረሰ» አሉ። አልደረሰም። ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ ማዛወር ሌላ፣ ወደ ተክል ማዛወር ሌላ ሆኖ ተገኘ። በ2012 የጌትስ ፋውንዴሽን ለእንግሊዙ የዕፅዋት ምርምር ተቋም ለጆን ኢነስ ማዕከል 9.8 ሚሊዮን ዶላር ሰጥቶ በጃይልስ ኦልድሮይድ የሚመራ ቡድን እህል ከባክቴሪያ ጋር እንዲግባባ የማድረግ ሥራ ጀመረ። ሥራው አሁንም ቀጥሏል። በ2025 ደግሞ የዴንማርኩ ኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ጥሩ ነገር አሳዩ። ተክሉ ባክቴሪያን እንደ ጠላት የሚያይበትን የመቀበያ ፕሮቲን ሁለት አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ ጡብ) ብቻ ቀይረው ወዳጅ እንዲያደርገው አስቻሉት። ደስ ይላል። ከዚያ እስከ ማሳ ድረስ ግን ገና ብዙ ዳገት አለ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ሲደረግ፣ ቶቶንቴፔክ ውስጥ በቆሎው ጂን አዛውሩልኝ ሳይል ሥራውን ይሠራ ነበር።

ነገሩን ከውጭ ሰዎች ቀድሞ ልብ ካሉት አንዱ ቶማስ ቡን ሃልበርግ ነው። አሜሪካ ተወልዶ ዋሃካ የከረመ የተፈጥሮ ተመራማሪ ነበር። በ1970ዎቹ ማብቂያ ላይ መንደሪቱን ሲጎበኝ፣ ያለ ማዳበሪያ በደካማ አፈር ላይ የቆመውን ረጅም በቆሎና የሚንጠባጠቡትን ሥሮቹን አየ። ጠረጠረ። በ1990ዎቹ የሜክሲኮ ተመራማሪዎች ዝልግልጉ ውስጥ ናይትሮጅን የሚይዙ ባክቴሪያዎች ሊኖሩ እንደሚችሉ ጻፉ። ዓለም ግን ጆሮ አልሰጠውም። በ1980ዎቹ ሃዋርድ ያና ሻፒሮ የተባለ ሌላ ሰው በዚያው አካባቢ በቆሎውን አይቶ ነበር። ይህ ሰው በኋላ የማርስ ኩባንያ የግብርና ኃላፊ ሆነ። ማርስ ማለት ያው የቸኮሌቱ ኩባንያ ነው። ሻፒሮ በ2005 ገደማ ጉዳዩን ከዴቪሱ ፕሮፌሰር ከአለን ቤኔት ጋር እንደገና አነሳው። ያኔ የዲኤንኤ ንባብ ዋጋው እየረከሰ ነበር፤ ዝልግልጉ ውስጥ ማን እንዳለ ስም ጠርቶ ማወቅ ተቻለ።

ከዚያ እስከ ሕትመቱ ከ10 ዓመት በላይ አለፈ። ለምን ይህን ያህል? ምክንያቱም በዚህ የምርምር ዘርፍ ከዚህ በፊት ተስፋ ተደርጎ የተጠበቀው ሳይሆን ቀርቷል። በ1970ዎቹ ብራዚል ውስጥ፣ ዮሃና ዶበራይነር የምትመራው ቡድን የበቆሎና የሣር ሥር ላይ ናይትሮጅን የሚይዙ ባክቴሪያዎችን አገኘ። ትልቅ ግኝት ነበር። ግን ወደ ተክሉ የሚገባው መጠን ሲለካ መጀመሪያ ከተባለው ያነሰ ሆነ። ባክቴሪያው አለ ማለትና ተክሉን ይመግበዋል ማለት ለየቅል ነው። ቤተኛ ሆኖ ስኳሩን እየበላ፣ የያዘውን ናይትሮጅን ለራሱ የሚያስቀር ባክቴሪያ ሞልቷል። ስለዚህ የቤኔት ቡድን፣ አብሮትም የዴቪሱ አለን ቫን ዴንዝና የማዲሰኑ ዣን ሚሼል አኔ፣ ጥርጣሬውን በየአቅጣጫው መዝጋት ነበረባቸው።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ዝልግልጉ ለኢንዛይሙ ይመቻል ወይ? መረመሩት። ስኳር ሞልቶታል፤ ጋላክቶስ፣ ፉኮስና አራቢኖስን የመሳሰሉ ስኳሮች የተጣመሩበት ነው። ውስጡ ደግሞ ኦክስጅን እጅግ ያንሳል። ከላይ ያለው ክፍል ኦክስጅን ያገኛል፣ ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ይጠፋል። ባቄላው በእብጠት የፈታውን ችግር በቆሎው በዝልግልግ ፈትቶታል። የባቄላውን ያህል የተራቀቀ አይደለም፤ ግን ይሠራል።

ሁለተኛው፦ ኢንዛይሙ በእርግጥ ሥራ ላይ ነው? ለዚህ የቆየ ዘዴ አለ። ናይትሮጅኔዝ አሲቲሊን የሚባለውን ጋዝ ሲያገኝ ወደ ኤቲሊን ይቀይረዋል። የመኪና በያጆች ከኦክስጅን ጋር የሚያቀጣጥሉት አሲቲሊን ነው እንግዲህ። ሥሩን ከነዝልግልጉ ዕቃ ውስጥ ይዘጉበታል፣ አሲቲሊን ያስገባሉ፣ ከሰዓታት በኋላ ኤቲሊን ይለካሉ። ኤቲሊኑ ተገኘ።

ሦስተኛውና ወሳኙ ጥያቄ፦ ናይትሮጅኑ ተክሉ ውስጥ ይገባል? እዚህ ላይ ብልሃቱን ወድጄዋለሁ። ናይትሮጅን ሁለት ዓይነት ነው፤ የተለመደው ቀላሉና ጥቂቱ ከባዱ። ተመራማሪዎቹ በከባዱ የበለጸገ ጋዝ ለሥሮቹ ሰጡ። ከዚያ ከቅጠሉ ክሎሮፊል የሚገኘውን ፌኦፋይቲን የተባለ ንጥረ ነገር አውጥተው መረመሩ። ከባዱ ናይትሮጅን እዚያ ተገኘ። ቅጠሉ ውስጥ ያለውን ይህን አረንጓዴ ቅመም የሠራው ተክሉ እንጂ ባክቴሪያው አይደለም። ስለዚህ አየር ላይ የነበረው ናይትሮጅን በዝልግልጉ አልፎ፣ በሥሩ ገብቶ፣ አገዳውን ወጥቶ የቅጠል አካል ሆኗል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ «ባክቴሪያው ለራሱ አስቀርቶት ይሆናል» የሚለው ክርክር አይቆምም።

አራተኛው፦ ስንት ነው? ይህን ቤተ ሙከራ ውስጥ መመለስ አይቻልም። ሲየራ ሚሄ በሚባለው በሚሄዎቹ ተራራማ አገር ማሳ ላይ ለዓመታት ለኩ። የሚለካው እንዲህ ነው። አፈር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ከአየሩ ይልቅ ትንሽ ከበድ ይላል። ከአፈር ብቻ የሚመገብ ተክል ጎን ለጎን ተዘርቶ ከበቆሎው ጋር ሲነጻጸር፣ በቆሎው ቀለል ብሎ ከተገኘ ልዩነቱ ከአየር የመጣ ነው። ውጤቱ ከ29 እስከ 82 በመቶ ሆነ። ዘሩን ወስደው ማዲሰን ላይም ዘሩት፤ ከአገሩ ወጥቶም ናይትሮጅን መያዙን አልተወም።

ይህ ቁጥር በዓለም ጋዜጦች ላይ ሲዞር ትንሽ ተበላሽቷል። «82 በመቶ ማዳበሪያ ይቀንሳል» ብለው የጻፉ አሉ። እንደዚያ አይደለም። 82 የሚለው ከሁሉ የበለጠው ልኬት ነው፤ ከታች 29 አለ። ደግሞም መቶኛው ያ በቆሎ በራሱ አገር፣ በራሱ ዝናብ ላይ ሆኖ ከያዘው ናይትሮጅን ውስጥ ስንቱ ከአየር መጣ የሚለውን ነው የሚናገረው። ስለ ምርት አያወራም። 8 ወር ሙሉ ቀስ ብሎ የሚያድግ በቆሎ ናይትሮጅንንም ቀስ ብሎ ነው የሚፈልገው። በአራት ወር ተኩል ደርሶ በሄክታር ብዙ አስር ኩንታል እንዲሰጥ የተዘጋጀ ድቅል በቆሎ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ብዙ ናይትሮጅን ይጠይቃል። ዝልግልጉ ያንን ፍጥነት ይችለዋል ወይ የሚለው ጥያቄ በ2018ቱ ጽሑፍ አልተመለሰም። አዘጋጆቹም ተመልሷል አላሉም።

ሌላም አለ። ዝልግልጉ የሚወጣው እርጥበት ሲኖር ነው። ቶቶንቴፔክ ደግሞ ከእርጥበት ጋር ቤተሰብ ናት። ደረቅ አገር ላይ ሥሩ ቢወጣም ደርቆ ነው የሚቀረው። ስኳሩም በነጻ አይመጣም፤ ተክሉ ከቅጠሉ ያዘጋጀውን ነው ለባክቴሪያ የሚያበላው። ለፍሬ ይውል የነበረው ስኳር ምን ያህሉ ወደዚያ ይሄዳል? በዩሪያ ምትክ የምንከፍለው ዋጋ ይሄ ነው።

እና ወደ ዘመናዊ በቆሎ የማስገባቱ ሥራ የት ደረሰ? ቡድኖቹ ነባሩን በቆሎ ከዘመናዊ ዝርያዎች ጋር እያዳቀሉ፣ የሥሮቹን ብዛትና የዝልግልጉን መጠን የሚወስኑት የዘር ክፍሎች የትኞቹ እንደሆኑ እየፈለጉ ነው። አንድ ጂን ቢሆን ቀላል ነበር። ብዙ ናቸው። ስንት አንጓ ላይ ሥር ይውጣ፣ ሥሩ ስንት ጊዜ ይቆይ፣ ጫፉ ላይ ያሉት ሴሎች ዝልግልጉን እንዴት ይልቀቁ፣ ሁሉም ለየብቻ የሚወሰን ነው። ባሕርዩን ሳይለቁ የ8 ወሩን ዕድሜ ማሳጠር ደግሞ ሌላ ፈተና ነው፤ ሥሮቹ የበዙት በቆሎው ረጅም ጊዜ ስለሚያድግም ጭምር ነውና። እስካሁን ገበሬ ገበያ ወጥቶ ሊገዛው የሚችል እንዲህ ያለ ዘር የለም።

በዚህ መሀል ሌላ አቋራጭ የመረጡ አሉ። ተክሉን ተዉት፣ ባክቴሪያውን እንቀይረው የሚሉ ናቸው። አሜሪካዊው ፒቮት ባዮ በ2019 ጂኑ የተስተካከለ ባክቴሪያ ለበቆሎ ገበሬዎች ማቅረብ ጀመረ። በተፈጥሮው ይህ ባክቴሪያ አፈሩ ውስጥ ናይትሮጅን ካገኘ ሥራውን ያቆማል፤ ለምን ይድከም? ያን ማቆሚያ ነው ያነሱበት። ሐሳቡ ብልህ ነው። ማሳው ላይ የታየው ግን ቀዝቀዝ ያለ ነው። የሰሜን ማዕከላዊ አሜሪካ ግዛቶች የዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች በ2023 ባወጡት ሪፖርት፣ ከተለያዩ ኩባንያዎች የተገኙ እንዲህ ያሉ ምርቶችን 61 ሙከራ ላይ ፈትሸው የምርት ጭማሪ ያዩት 2ቱ ላይ ብቻ ነው። ቶቶንቴፔክን የምወድላት ለዚህ ነው። እዚያ ባክቴሪያው ብቻውን አልተላከም። ቤት ተሠርቶለታል፣ ምግብ ቀርቦለታል፣ ኦክስጅኑ ተከልሎለታል። ባክቴሪያ ጠርሙስ ውስጥ ሞልቶ መሸጥ ይቻላል፤ ቤቱን ግን ተክሉ ነው የሚሠራው።

አሁን ወደ ባለቤትነቱ እንምጣ።

ይህን በቆሎ ማንም ቤተ ሙከራ ውስጥ አልሠራውም። የሚሄ ገበሬዎች ዘር እየመረጡ፣ ለልጆቻቸው እያወረሱ ያቆዩት ነው። ማርስና ተመራማሪዎቹ ይህን ያውቃሉ፤ ዘለው ዘሩን ይዘው አልሄዱም። የማርስ ንብረት የሆነው ባዮኤንቱ የተባለ ኩባንያ ከቶቶንቴፔክ ማኅበረሰብ ጋር የጥቅም መጋራት ስምምነት ፈርሟል። የሜክሲኮ መንግሥትም በናጎያ ፕሮቶኮል መሠረት ፈቃድ ሰጥቷል። ይህ ፕሮቶኮል በ2010 የጸደቀ፣ በ2014 ሥራ ላይ የዋለ ዓለም አቀፍ ስምምነት ነው፤ የአንድን አገር ወይም ማኅበረሰብ ዝርያ ወስዶ የሚጠቀም ወገን ፈቃድ እንዲጠይቅና ትርፉን እንዲያካፍል ያስገድዳል። አሜሪካ አባል አይደለችም። ሜክሲኮ ናት። ኢትዮጵያም ናት።

እስከዚህ ድረስ ከብዙ ታሪኮች የተሻለ ነው። ስምምነቱ ውስጥ ያለው ዝርዝር ግን ለሕዝብ አልተገለጸም። ማኅበረሰቡ ስንት በመቶ ያገኛል? ከመቼ ጀምሮ? ትርፍ ባይኖርስ? ሌላው ጥያቄ ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። ዝልግልግ ያለው በቆሎ ቶቶንቴፔክ ብቻ አይደለም ያለው። ጎረቤት መንደሮችም፣ ሌሎች ነባር ሕዝቦችም ይዘሩታል። ገበሬ ዘር ሲለዋወጥ ድንበር አይጠይቅም። ታዲያ ውሉ ከአንዷ መንደር ጋር ብቻ ሲፈረም ሌሎቹ የት ገቡ? ሜክሲኮ ውስጥ ይህን ጥያቄ ያነሱ ጋዜጠኞችና የገበሬ ተሟጋቾች ቀላል አይደሉም። እኔ ግን ከሁሉ የሚከነክነኝ ምሥጢራዊነቱ ነው። በጎ ውል ከሆነ ለምን አይነበብም? ለሌላው መንደር፣ ለሌላው አገር መማሪያ ይሆን ነበር።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ እዚህ ላይ ጤፍን ማሰቡ አይቀርም። በ2005 የእኛ ተቋማት ኤችፒኤፍአይ ከተባለ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር የጤፍ ስምምነት ፈረሙ። ያኔ ስምምነቱ ለዓለም አርአያ ተብሎ ነበር። በጎን ግን የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ አውሮፓ ውስጥ ፓተንት (ሌላው ያለ ፈቃድ እንዳይጠቀምበት የሚከለክል የባለቤትነት መብት) ወጣ። ኩባንያው በ2009 ከሰረ፤ ውሉም አብሮት ሞተ። ፓተንቱ ግን ወደ ሌላ ኩባንያ ተሻግሮ ኖረ። ለኢትዮጵያ የደረሰው ገንዘብ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ያን ፓተንት የሄግ ፍርድ ቤት ለኔዘርላንድስ ዋጋ ቢስ ያደረገው በኅዳር 2018 ነው። ክርክሩ የተነሳው ደግሞ በኢትዮጵያ ክስ አልነበረም። ሁለት የውጭ ኩባንያዎች እርስ በርስ ሲጣሉ ነው እኛ የተገላገልነው። የቶቶንቴፔክ ጽሑፍ ከታተመ ሦስት ወር ገደማ በኋላ መሆኑ ነው።

ከጤፉ የሚወሰደው ቀላል ነው፤ ውል የሚፈርመው ኩባንያ ቢከስርስ? ቢሸጥስ? ቶቶንቴፔኮች ያንን በውላቸው ላይ አስበውበት ከሆነ ከእኛ ይሻላሉ።

ጉዳዩ ወደ እኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን በማሽላ በኩል ነው። በ2025 መጀመሪያ ከማዲሰን የወጣ ጥናት፣ የአንዳንድ ማሽላ ዝርያዎች የአየር ላይ ሥርም ከዝናብ በኋላ ያንኑ ዝልግልግ እንደሚያወጣ አሳይቷል። በበቆሎው ላይ የተሞከሩት ዘዴዎች ተሞከሩ፤ አሲቲሊኑም፣ ከባዱ ናይትሮጅንም። እነዚያ ዝርያዎች ከናይትሮጅናቸው 40 በመቶ ገደማውን ከአየር ያገኛሉ።

ማሽላ ከምሥራቅ አፍሪካ የወጣ ሰብል ነው፤ ኢትዮጵያም የዝርያዎቹ ብዛት ከሚታይባቸው አገሮች አንዷ ናት። የጂን ባንካችን ከ1976 ጀምሮ ከየአካባቢው የተሰበሰበ ማሽላ ይዟል። ስለ ማሽላችን ስናወራ ሁልጊዜ የምናነሳው ድርቅ መቋቋሙን ነው፤ ቆቦን፣ ሚኤሶን። ለዚህ ባሕርይ ግን ደረቁ አገር አይደለም የሚታየው። ኢሉባቦር፣ ወለጋ፣ ጅማ፣ ዝናብ በማያጣበት ምዕራብ ቁመቱ ረጅምና ዘግይቶ የሚደርስ ማሽላ የሚዘሩ ገበሬዎች አሉ። እርጥበት አለ፣ ረጅም ዕድሜ አለ፣ ደካማና አሲዳማ አፈርም ሞልቷል። ቶቶንቴፔክ ውስጥም የነበረው ሁኔታ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ምን መደረግ እንዳለበት ለመገመት ትልቅ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ባባራ ማግስት፣ አንድ የግብርና ባለሙያ ማሳው ውስጥ ገብቶ ከመሬት ሦስተኛና አራተኛ አንጓ ላይ ሥር አለ ወይ ብሎ ማየት ይችላል። ካለ፣ በጣቱ ይነካዋል። የሚያዳልጥ ከሆነ፣ ፎቶ ያነሳል፣ የገበሬውን ፈቃድ ጠይቆ ዘሩን ይይዛል፣ የአካባቢውን ስም ይጽፋል። ፈቃዱ ላይ ሳይዘናጋ፦ ኢትዮጵያ ለዚህ ከ2006 ጀምሮ አዋጅ አላት፤ አዋጅ ቁጥር 482፣ ስለ ጄኔቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት የወጣው። የአሲቲሊኑ ሙከራ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው፤ ጋዙ በየበያጁ ቤት አለ፣ ኤቲሊን መለኪያው መሣሪያ ደግሞ በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ይገኛል።